ታዝዤ ነው የገባሁት

ጋሽ ዳንጊሶ ሞተው፣ ተቀብረው፣ ድንኳናቸው ከተነቀለ በኋላ ነው የሰማሁት። የነገረችኝ ብርቄ ናት፤ ድሮ ጆንያ ፋብሪካ አብረን የሠራን ጓደኛዬ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ገበያ፣ አሣ እየመረጥኩ ሳለ ከኋላዬ መጥታ፣ «ጋሽ ዳንጊሶኮ አረፉ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ፤ ሽንኩርት ተወደደ እንደምትል ዓይነት። አሣ ሻጩ ፊት ጮህኩባት። በአንድ ከተማ እየኖርን፣ ስልኬን እያወቀች፣ ለሰርግ የማትረሳኝ ሴት ለቀብር እንዴት ትረሳኛለች? «ሁሉም ሰው የሰማ መስሎኝ» አለች። እንዲህ ያለ መልስ ደሜን ያፈላዋል።

አሣውን ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ወደ ለቅሶው ቤት ግን አልሄድኩም። ከዚያ በፊት ላገኛት የሚገባ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ሰውዬው ማን እንደነበሩ ካወቃችሁ ነው።

ያኔ ሀዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ፋብሪካውም የመንግሥት። ከቃጫ ጆንያ እንሠራለን፤ ጆንያው ቡናና እህል ይጫንበታል። እኔ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ብሎኑ፣ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው የሚወጣው በእኔ እጅ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ደግሞ የማሽኖቹ መካኒክ ነበሩ። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሲሄዱ መሬቱን የሚለኩት የሚመስሉ። አማርኛን የለመዱት ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም። ሥራ አስኪያጁንም፣ ካድሬውንም፣ የዘበኛውንም ልጅ «አንተ» ነው የሚሉት። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር አሉ። ካድሬው ግን የጭቁኖች እኩልነት መስሎት በስብሰባ አስጨበጨበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ተጸጸተ።

ጥያቄ ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ፤ መልሱ የሚመጣው ሁሉም ከተጠረጉ በኋላ ነው። እኔን እንኳ ስንት ጊዜ አናደውኛል። «ጋሽ ዳንጊሶ፣ ትልቁን ቺንጋ ነው ትንሹን የሚፈልጉት?» እላለሁ፤ ጨርቁ ይወጣል። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው እኮ! የፈረቃ ማብቂያ ጡሩንባ ሲነፋ ግን ከሳቸው ፈጣን ሰው አልነበረም። ብሎን ግማሽ ድረስ አዙረው ከሆነ እዚያው ትተውት ይወጣሉ። «ተረኛው ይጨርሰዋል፤ እሱም ደመወዝ ይበላል» ይላሉ።

የዓመት ዕረፍት ሁላችንም ነበረን፤ የሚወስደው ግን አልነበረም። ዘመቻው፣ ኮታው፣ የእናት ሀገር ጥሪው አያልቅም። ዕረፍት የጠየቀ ሰው ስሙ በስብሰባ ይነሳል፤ ስሙ በስብሰባ እንዲነሳ የሚፈልግ ደግሞ የለም። ጋሽ ዳንጊሶ ጊዜያቸው ሲደርስ መሣሪያቸውን ጠራርገው ያስረክቡኝና «ዕረፍቴን ወጣሁ» ይሉኛል። አይለምኑም፣ ያሳውቃሉ። የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዘመድ ጥየቃ አይሄዱም፣ ሐይቅ ዳርም አይንሸራሸሩም። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር በርጩማ አምጥተው ቁጭ ይላሉ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሸንኮራ እየላጡ፣ ገቢ ወጪውን ሰላም ሲሉ ይውላሉ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሰይፉ የፋብሪካውን ፒክአፕ አስቁሞ ወረደ።

«ምን ሆነህ ነው እዚህ የምትቀመጠው?»

ጋሽ ዳንጊሶ የሸንኮራውን ምጣጭ ተፍተው ጣታቸውን ጠረጉ። «ዕረፍት ላይ ነኝ።»

«ቤትህ አታርፍም?»

«ቤቴ ካረፍኩ ማን ያየኛል? ይኼ ሁሉ ሰው ዕረፍት የሚባል ነገር እንዳለ ይወቅ እንጂ።»

በሳቅ ሞትን። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለት ሴቶች ከሽመና ክፍል ዕረፍታቸውን ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም።

የከበደው የእሁዱ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንድናርፍ ሕግ አለ። ሕጉን ላለመንካት «የፈቃደኝነት ሥራ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ይጠራል፤ ካድሬው ሲናገር ሲናገር ይቆይና «ለነገው የምርት ዘመቻ ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ!» ይላል። እጅ ይወጣል። ማን ወንድ ነው የማያወጣው? እንዲያውም ለምደነው፣ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እጃችን በራሱ ይነሳ ነበር። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም፣ ምትክ ዕረፍት የለውም፣ ቢጎዳም ሥራ ላይ ነበር አይባልም።

ጋሽ ዳንጊሶ እጃቸውን አላወጡም። የመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ሙሉ ዞሮ ሲያያቸው ትዝ ይለኛል።

«ጓድ ዳንጊሶ፣ ዘመቻውን ትቃወማለህ?» አለ ካድሬው።

«አልቃወምም። ሥራ ካለ እገባለሁ።»

«ታዲያ እጅህን አውጣ!»

ጨርቁ ወጣ። ጣቶቹ ተጠረጉ። «ፈቃዴ አይደለማ። እሁድ ልጆቼን የማይበት ቀን ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «አንተ እዘዘኝ። ካዘዝከኝ ነገ እገባለሁ፣ ሰኞ አርፋለሁ። ፈቃደኛ ግን አትበለኝ።»

«ጴንጤ ስለሆንክ ነው!» ብሎ ጮኸ ካድሬው። «እሁድን ለጸሎት ፈልገኸው ነው!»

ያኔ ጴንጤ መባል እንደ ዛሬ ቀልድ አልነበረም። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ የታሰሩም ነበሩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ብርቄ ክንዴን ጨመደደችው። ጋሽ ዳንጊሶ ግን ረጋ ብለው፣ «እግዜር ማክሰኞም ይሰማኛል። እኔ የጠየቅኩት ዕረፍት ነው» አሉ።

ያለ መካኒክ ማሽን አይነሳም። ጓድ ሰይፉ ፈሪ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካድሬውን በጎን እያየ፣ «እሺ፣ አዝዤሃለሁ! ነገ ግባ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን፣ እሳቸው ይታዘዛሉ። እሁድ ከማንም ቀድመው ይገባሉ። «ምነው ገቡ?» ብሎ የሚቀልድባቸው ሰው አይጠፋም። «ታዝዤ ነው የገባሁት» ይላሉ። ሰኞ አይታዩም።

መኪና ነበራቸው፤ ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሰማያዊ ቮልስ፤ ሀገር ጥሎ ከሄደ የውጭ አስተማሪ ገዝተው፣ የሞተ ሞተሩን በገዛ እጃቸው ያስነሱት። የፋብሪካው ፒክአፕ ለዘመቻ ተወስዶ በዚያው ሲቀር ጓድ ሰይፉ ዓይኑን ቮልሱ ላይ ጣለ። ዕቃ ያመላልስልን፣ ካድሬውን ስብሰባ ያድርስልን፣ በፈቃደኝነት። ይህን ሲነግራቸው መጋዘኑ በር ላይ ነበሩ፤ ሰምቻለሁ።

«እኔን ማዘዝ ትችላለህ፣ ተቀጥሬልሃለሁ» አሉት። «መኪናውን ግን አልቀጠርከውም። የአንተን ዕቃ ጭኜ ሰው ብገጭ የምታሰረው እኔ ነኝ፤ ጎማው ቢያልቅ የምገዛው እኔ ነኝ። ታዲያ ሥራው የማን ነው?»

የቤንዚን ኩፖን እንሰጥሃለን ቢላቸውም እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው «ቮልሱን ከእናት ሀገር ያስበለጠ» ይባሉ ጀመር። በዚያ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ እሁድ እሁድ የግል መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳት ክልክል ነበር። ስለዚህ ቮልሱ እሁድን በሸራ ተሸፍኖ፣ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ካለው ግቢያቸው ቆሞ ይውላል።

ዘነበች የምትባል ልጅ ነበረች፤ ቃጫ ማበጠሪያው ማሽን ላይ የምትሠራ። ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። አባት የላት፣ ወንድም የላት፤ የታመመች እናቷን የምትጦር እሷው ናት። ከጋሽ ዳንጊሶ ሰምታ የፈረቃ ኃላፊዋን፣ «እኔንም ይዘዙኝና ሰኞ ልረፍ» ብላ ጠይቃው ነበር። «አንቺ መካኒክ ነሽ? ቦታሽን የሚፈልግ በር ላይ ስንት ሰው ቆሟል መሰለሽ!» አላት። ከዚያ በኋላ እጇን ከሁላችንም ቀድማ ታወጣ ነበር። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እሁድ ጠዋት ተመልሳ ትገባለች።

አንድ እሁድ ረፋዱ ላይ ከማበጠሪያው ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ጋሽ ዳንጊሶ ማሽኑን አቁመው፣ በቀበቷቸው የዘነበችን ቀኝ ክንድ ከላይ አስረው ነበር። ከክርኗ በታች ያየሁትን አልናገርም። «መኪና! መኪና!» ይላል ሰው። የምን መኪና? ጋሽ ዳንጊሶ ጣታቸውን ሳይጠርጉ ሮጡ። ቮልሱን ይዘው ሲመጡ ሸራው ከኋላ እየተጎተተ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ገብቼ ጭንቅላቷን ታቀፍኩ።

አደባባዩ ጋ አብዮት ጥበቃዎች አስቆሙን። «እሁድ መሆኑን አታውቅም? ፈቃድህን አሳይ» አለ አንደኛው። ጋሽ ዳንጊሶ ወደ ኋላ ጠቆሙት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አላሳለፈንም፣ አለቃውን ጠራ። አለቃው ቀስ ብሎ መጣ፤ ታርጋውን ጻፈ፣ ስማቸውን ጻፈ። ዘነበች ጭኔ ላይ ሆና «እማዬ እንዳትሰማ» ትላለች። እግዚአብሔር ይይላቸው፣ በመጨረሻ ለቀቁን። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ ክንዷ ግን ቀረ። ጋሽ ዳንጊሶም ከሆስፒታሉ በር ላይ ተይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ካድሬውና ጓደኞቹ ተመካከሩ። ልጅቷ በፈቃደኝነት የገባች ናት፣ ስለዚህ ሥራ ላይ አልነበረችም። ሥራ ላይ ካልነበረች ማሽን አልቆረጣትም። ታዲያ ምን ቆረጣት? ዳንጊሶ በተከለከለ ቀን የነዳው መኪና ነዋ! ደሙ ያለው መኪናው ውስጥ ነው፣ ጥበቃዎቹ አይተዋል፣ ታርጋው ተይዟል። ማሽኑ ደግሞ ዕለቱን ታጥቦ ሰኞ ጠዋት እየዞረ ነበር። ያየነው ብዙ ነን፤ የሚጠይቀን ግን አልነበረም።

ነገሩን የሚያጣሩ ሰዎች ከላይ መጡ። ጋሽ ዳንጊሶ ከእስር ቤት ተወስደው ሲመጡ፣ አዳራሹ እስኪከፈት እኔ መጋዘን ውስጥ አስቀመጧቸው። ካድሬው ገብቶ አጠገባቸው ቆመ፤ እኔን ከመደርደሪያው ለይቶ አልቆጠረኝም።

«አስብበት» አላቸው። «መኪናው ነው ካልክ፣ ቅጣቱ ያለ ፈቃድ የመንዳት ነው፤ ጥቂት ታስረህ ልጆችህ ጋ ትገባለህ። ማሽኑ ነው ካልክ ግን ወይ ልጅቷ ተኝታበት ነው፣ ጥፋቱ የራሷ ይሆናል፣ ትባረራለች። ወይ ማሽኑ ብልሽት ነበረው። የሚጠግነው አንተ ነህ፤ ያ ደግሞ አሻጥር ነው። የአሻጥር ቅጣት ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ጨርቁን ወስደውባቸው ኖሮ ጣታቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ማሽኑ ብልሽት ከነበረው ልጅቷስ?»

«እሷማ በሥራ ላይ የተጎዳች ትባላለች፣ ቀላል ሥራ ይሰጣታል። አንተ ስለ ራስህ አስብ!» ብሎ ወጣ።

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሽ ዳንጊሶ፣ እጅ እንዳይገባ የሚጋርደውን የማሽኑን መከላከያ በቅርቡ አዲስ ነው ያሰሩለት፤ ብሎኑን የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ደህና ነበር ብዬ እመሰክራለሁ!»

«ተይ አንቺ ልጅ።»

«ለምን እተዋለሁ?»

«ማሽኑ ደህና ከሆነ ልጅቷ ተኝታለች ማለት ነው። ትባረራለች። እናቷን ማን ያበላል?»

«የእርስዎንስ ልጆች?»

ጣታቸውን እንኳ አልጠረጉም። ወደ አዳራሹ ሲወስዷቸው ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እኔ ሳልሞት ለማንም አትንገሪ። ለሷም ቢሆን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

አዳራሹ ውስጥ ቆመው ጥርት ባለ ድምፅ ተናገሩ። «ማሽኑ ነው የቆረጣት። መከላከያው ልል ነበር፤ አላጠበቅኩትም።» ሰው አጉረመረመ። ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ «በእሁድ ማሽኑ ለምን ዞረ?» ብሎ ጠየቀ።

«ታዝዤ ነው የገባሁት። ሥራ አስኪያጅ ቅዳሜ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አዞኛል። መካኒክ ታዞ ማሽን ካስነሳ ያ ሥራ ነው፣ ፈቃድ አይደለም። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች።»

ጓድ ሰይፉን ጠየቁት። ጥፋቱ መካኒኩ ላይ ካረፈ እሱ ነፃ መሆኑን አስልቶ ይሁን፣ ወይም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መካድ አሳፍሮት፣ አላውቅም። መሬት መሬት እያየ፣ «አዝዣለሁ» አለ።

ዘነበች በሥራ ላይ የተጎዳች ተባለች። ከሆስፒታል ስትወጣ የፋብሪካው በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ሆነች፤ እናቷንም እስከ ሞት ድረስ ጦረች። ጋሽ ዳንጊሶ ወህኒ ወረዱ። ለዓመታት ሚስታቸው ስንቅ ስታመላልስ ፀጉሯ ሸበተ፤ ትልቁ ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ለሥራ ወጣ። ቮልሱ ተወረሰ። ካድሬው ይነዳው ነበር፤ እሁድ እሁድም ጭምር።

ሲፈቱ ደርግ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ከስተው፣ ጀርባቸው ጎብጦ ወጡ። ትንሽ ጋራዥ ከፍተው መሥራት ጀመሩ። አንድ ደንበኛ «ቮልስዎን ለመንግሥት ሰጡ የሚባለው እውነት ነው?» ቢላቸው፣ «አልሰጠሁም፤ ተወሰደብኝ» አሉት። ሌላ ስሞታ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

የማልችለው የዘነበችን ነገር ነበር። ወህኒ ቤት አንድ ቀን አልሄደችም። ስማቸው ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። ከተፈቱ በኋላ መንገድ ላይ ካየቻቸው ትሻገራለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ያነሱና፣ መሻገሯን ሲያዩ መልሰው ያደርጉታል። በአዳራሹ ያሉትን ሰምታ፣ በእሳቸው ስንፍና ክንዷን ያጣች መስሏታል እያልኩ እቃጠላለሁ። ደርግ ወድቆ የሚፈራ ሲጠፋ፣ «አሁንስ ልንገራት?» አልኳቸው። ጣት መጥረግ ተጀመረ። «ተያት። ብትጠላኝ ይቀላታል። ብታውቅ ይከብዳታል» አሉኝ። ተናድጄ ሰላም ሳልላቸው ሄድኩ።

እንግዲህ ባጃጁ ያደረሰኝ ዘነበች ቤት ነው። እሷም እንደኔ አርጅታለች፤ ጡረታ ወጥታ ብቻዋን ትኖራለች። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ጋሽ ዳንጊሶ መሞታቸውን፣ መከላከያው አዲስ እንደነበር፣ ብሎኑን በእጄ እንደሰጠሁ፣ ካድሬው መጋዘን ውስጥ ያለውን፣ እሳቸው የመረጡትን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምናገረው፤ እንድታፍርም ፈልጌ ነበር።

እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ቆሜ ተኝቼ ነበርኮ፣ አልማዝ። የነቃሁት ማሽኑ ሲይዘኝ ነው። መከላከያው ቦታው ላይ ነበር፤ በላዩ ላይ ነው የወደቅኩት። ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ያኔ ነው የተቀመጥኩት።

«እና ያን ሁሉ ዓመት ፊትሽን ያዞርሽባቸው?»

«ሰላም ብላቸው አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ ምን ሆንሽ እባላለሁ፣ ከተጠየቅኩ እናገራለሁ። ከተናገርኩ እማዬም እኔም ሜዳ ላይ ነን፤ እሳቸውም የታሰሩት በከንቱ።»

«እሺ፣ ያ ያኔ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላስ? ማን ከለከለሽ?»

«ከዚያ በኋላማ ማንም አልከለከለኝም» አለች። «አፈርኩ።»

ተነስታ ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደች። በአንድ እጇ ስትታገል ላግዛት ብል አልፈቀደችልኝም። ቀብሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን ለቅሶው ገና ዛሬ እንደተሰማ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቤቱ የት እንደሆነ ልነግራት አፌን ስከፍት መንገዱን ቀድማኝ ይዛው ነበር።